«ትእዛዝ» ሲባል የከረመው እንዴት «አስተያየት» ሆነ?

ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው በአሜሪካ በመሠረታት በሞርሞን ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ትምህርትና የዚያው እምነት ሊቃውንት በሚጽፉት ዕቅበተ እምነት (እምነትን የመከላከል ጽሑፍ) መካከል «ጠብ የሚባል ነገር የለም» ብሎ የሚከራከር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ደርሶኝ አነበብኩ። ጸሐፊው ቁጡ ሰው አይደሉም፤ አንብበዋል፣ አስበዋል፣ ተቃዋሚያቸውንም አይዘልፉም። ያሉትን ባጭሩ ላስቀምጠው። ነቢያቱ ከተሳሳቱ የተሳሳቱት በግል አስተያየታቸው እንጂ በትምህርታቸው አይደለም፤ ስለ ጥንት የአሜሪካ ሕዝቦች የሚተርከው ቅዱስ መጽሐፋቸው፣ መጽሐፈ ሞርሞን፣ ታሪኩ የት እንደተፈጸመ ቤተ ክርስቲያኒቱ አስተምራ አታውቅም፤ በመጽሐፈ አብርሃም ላይ የተነሣው ጥያቄ በሊቃውንቱ ተመልሷል፤ በግዕዝ የተጠበቀው መጽሐፈ ሄኖክ ለጆሴፍ ስሚዝ ይመሰክራል፤ ግራ የገባው አማኝም ሊቃውንቱን ይጠይቅ፣ መሪዎቹ ራሳቸው ይህንኑ ይላሉና።

የዚያች ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለሁም፤ ጆሴፍ ስሚዝ ነቢይ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውም የዚህ ጽሑፍ ሙግት አይደለም። መሪ መሳሳቱም አያስደንቀኝም፤ በየትኛው ሃይማኖት አልተሳሳተም? የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ትናንት «የጌታ ትእዛዝ» ተብሎ የተሰበከውን ዛሬ «አስተያየት ነበር» የሚለው ማን ነው? በምን ሥልጣን? ደግሞስ መቼ? ጸሐፊው በአምስቱም ነጥቦቻቸው ይህችን ጥያቄ ዙሪያዋን ዞረው አልፈዋታል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

«አስተያየትና ትምህርት ይለያያሉ» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና። ለዚህ የሚጠቅሱት ጆሴፍ ስሚዝ በ1843 የተናገረውን ነው፦ ነቢይ ነቢይ የሚሆነው በነቢይነቱ ሲሠራ ብቻ ነው። መልካም። ይህን መለኪያ ይዘን አንድ ጉዳይ እንመርምር። በ1852 የቤተ ክርስቲያኒቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም አማኞቹ ነቢይ የሚሉት መሪ፣ ብሪገም ያንግ በዩታ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፊት ጥቁር ሰው፣ በእነርሱ ዘንድ ለብቁ አማኝ ወንድ ሁሉ የሚሰጠውን፣ ክህነት ሊቀበል እንደማይችል ዐወጀ። እገዳው እስከ 1978 ዘለቀ። ጥቁር ወንድ አይካንም፤ ጥቁር ወንድም ሆነ ሴት በቤተ መቅደሳቸው የሚፈጸመውን የጋብቻ ማኅተም አያገኝም። በኦገስት 1949 ቀዳሚ አመራር፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱና አማካሪዎቹ፣ ባወጡት መግለጫ ነገሩ የአሠራር መመሪያ ሳይሆን የጌታ ቀጥተኛ ትእዛዝ መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተመሠረተችበት ቀን ጀምሮ ያለው ትምህርትም በዚሁ ላይ የታነጸ መሆኑን ጻፉ። ጸሐፊው ዛሬ የሚያሳዩንን መውጫ በር መግለጫው አስቀድሞ ዘግቶታል። «መመሪያ እኮ ነው» ለሚል ሰው «አይደለም» የሚል መልስ ተሰጥቶታል። ምክንያቱም ተጨምሮበታል፦ ሰው ከመወለዱ በፊት በነበረው የመንፈስ ሕይወት ያደረገው በዚህ ዓለም የሚደርሰውን ይወስናል።

ከ24 ዓመት በኋላ ሌስተር ቡሽ የሚባል ሐኪም፣ እርሱም የእምነቱ አባል፣ ሰነዱን ሁሉ አገላብጦ አንድ ረጅም ጥናት አሳተመ። እገዳው ከጆሴፍ ስሚዝ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ ፈለጉን ተከትሎ የደረሰው ብሪገም ያንግ ዘንድ ነው። እንዲያውም ኢላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር ሰው በ1836፣ ስሚዝ በሕይወት ሳለ፣ ክህነት ተቀብሎ ነበር። «ከተመሠረተችበት ቀን ጀምሮ» የሚለው ቃል በዚህ ወደቀ። በጁን 1978 ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል እገዳው በራእይ መነሣቱን አስታወቀ። ሁለት ወር ቆይቶ ከቤተ ክርስቲያኒቱ አሥራ ሁለት ሐዋርያት አንዱ የነበረው ብሩስ ማኮንኪ፣ እርሱም ሆነ ብሪገም ያንግ ወይም ሌላው ቀድሞ የተናገሩትን፣ ከአሁኑ ራእይ ጋር የሚጋጨውን ሁሉ እርሱት፤ የተናገርነው ማስተዋላችን ውሱን ሆኖ ነው አለ። በዲሴምበር 2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው ወይም ከልደት በፊት የተፈጸመ በደል ውጤት ነው የሚሉትን ማብራሪያዎች ዛሬ እንደማትቀበል ገለጸች።

እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቅ። በ1960 የቤተ ክርስቲያኒቱ መቀመጫ በሆነችው በሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖር አንድ ቅን አማኝ በምን መለኪያ «ይህ የግል አስተያየት ነው» ማለት ይችል ነበር? የቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ አካል በስሙ ጽፎ ትእዛዝ ነው ብሎታል። አራተኛው ፕሬዚዳንት ዊልፎርድ ዉድረፍም በ1890፣ ጌታ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንት ሕዝቡን እንዲያስት አይፈቅድለትም ብሎ ነበር፤ ይህ ቃል ዛሬም ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው ጋር ታትሞ ይገኛል። «አስተያየት» የሚለው ስም የመጣው ትምህርቱ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጸሐፊው፣ በዚያን ጊዜ የቀዳሚ አመራር አማካሪ የነበሩት ዲተር ኡክዶርፍ በኦክቶበር 2013 ጉባኤ መሪዎችም የተሳሳቱባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ማመናቸውን ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ ያስመሰግናቸዋል። ግን የትኛው ስሕተት እንደሆነና የማን እንደሆነ አልተዘረዘረም፤ አማኙ የሚፈልገው ደግሞ እርሱን ነበር።

በመሃል አንዲት ነገር ላንሣ፤ እኛን ትነካለችና። በጃንዋሪ 1985 የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ሲሉ አንድ እሑድ ጾመው ያዋጡት ገንዘብ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ይህን በጎነት የሚያሳንስ ሰው ነውረኛ ነው። ነገር ግን ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ከእነዚያ ረሃብተኞች አንዱ ሊጠመቅ ቢፈልግ ኖሮ «ክህነቱ ለአንተ አይደለም» ይባል ነበር። ስጦታውን ያመጡልን ሰዎች ያንን ትምህርት ሰምተው ያደጉ ናቸው። «አስተያየት ነበር» የሚለውን ማስታገሻ ስሰማ የሚቆረቁረኝም ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። የመጽሐፈ ሞርሞን ምድር የት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያኒቱ አስተምራ አታውቅም ይላሉ። ዛሬ «አቋም የለኝም» ማለቷ እርግጥ ነው። «አስተምራ አታውቅም» ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የወርቅ ሰሌዳዎቹን አገኘሁበት ያለው ኮረብታ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በፓልማይራ አጠገብ ይገኛል። አማኞቹ ኩሞራ ይሉታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ኔፋውያን የተባለው ሕዝብ በጦርነት ያለቀበት ስፍራ ስምም ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ኮረብታውን ገዝታዋለች። ከ1937 ጀምሮ እስከ 2019 በክረምት ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዋንያን በዚያው ተዳፋት ላይ የመጽሐፉን ታሪክ ሲያሳዩ ኖረዋል። ማሪዮን ሮምኒ የቀዳሚ አመራር አማካሪ ሳሉ በ1975 ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የመጨረሻዎቹ ጦርነቶች የተካሄዱት በምዕራብ ኒው ዮርክ በሚገኘው በዚህ ኮረብታ ዙሪያ እንደሆነ አስተምረዋል።

በዚህ አንጻር በ1985 ጆን ሶረንሰን የሚባል፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ በሆነው በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ አንትሮፖሎጂስት ታሪኩን ሁሉ ወደ መካከለኛው አሜሪካ፣ በደቡብ ሜክሲኮ ወዳለው ወደ ቴዋንቴፔክ ልሳነ ምድር አካባቢ ወሰደው። የጦርነቱ ኩሞራ ከሜክሲኮ ሳይወጣ ቀረ፤ ለኒው ዮርኩ ኮረብታ የተረፈው ሰሌዳዎቹ የተቀበሩበት መሆኑ ብቻ ነው። እንደ ምሁር ሥራው ብልህ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የጉዞ ቀናት ሲሰሉ ሁለቱን አሜሪካዎች እንደማይሸፍኑ በጥንቃቄ አሳይቷል። ጸሐፊው የዘነጉት ነገር ግን አለ። ሁለት ኩሞራ አለ የሚለው ሐሳብ ከሶረንሰን በፊትም ይነገር ነበር፤ ሐዋርያው ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ በ1938 ተነሥቶበት፣ አማኞችን ግራ የሚያጋባና በእምነታቸው የሚያውክ ብሎ ጽፎበታል። ይህ ሰው በ1970 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ነቢዩ «እምነት የሚያውክ» ያለውን ሊቁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል የእምነት መጠበቂያ አድርጎ አቀረበው። ይህ ጠብ ካልሆነ ጠብ ምን ሊባል ነው?

ለጸሐፊው የሚጠቅም ማስረጃ አለ፤ ልስጣቸው። አንቶኒ አይቪንስ ከቀዳሚ አመራር አባላት አንዱ ሳለ በ1929 ጉባኤ ላይ፣ መጽሐፉ ከእነዚህ ሕዝቦች በፊት በምድሪቱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም አይልምና ለድምዳሜ አንቸኩል ብሎ ነበር። ጥሩ ቃል ነው። ሆኖም ከ52 ዓመት በኋላ፣ በመጽሐፉ የ1981 ኅትመት መቅድም ላይ፣ ላማናውያን፣ ማለትም በታሪኩ ኔፋውያንን ያጠፋው ወገን፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች «ዋነኛ አባቶች» ናቸው የሚል ዐረፍተ ነገር ገባ። የዘረ መል ጥናት ከበረታ በኋላ በ2006 ኅትመት «ከአባቶቻቸው መካከል ናቸው» ወደሚል ተለወጠ። አይቪንስን የሰማው የለም ማለት ነው፤ የዘረ መል ተመራማሪዎቹ ግን ተሰሙ።

ጉዳዩ የካርታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልዘገየሁበት። ጉዳዩ የሰው ነው። በኦክቶበር 1960 ስፔንሰር ኪምቦል፣ በዚያን ጊዜ ሐዋርያ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ቆሞ መጽሐፉ በእርግማን ቆዳቸው ጠቆረ የሚላቸው ላማናውያን እየነጡ ነው አለ። ምስክር አድርጎ የጠራት የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በአንድ ስብሰባ ላይ በጥቁር አባትዋና እናትዋ መካከል ተቀምጣ አይቷታል፤ አንድ ጎጆ ውስጥ፣ አንድ ፀሐይና አንድ ነፋስ ሲመታቸው እየኖሩ እርሷ ከወላጆችዋ በብዙ ደረጃ ፈካ ያለች ናት አለ። በሞርሞን ቤተሰቦች ዘንድ እየኖሩ የሚማሩት የቀደምት ሕዝቦች ልጆችም በጎጆ ከቀሩት ወንድምና እኅቶቻቸው ብዙ ጊዜ እንደሚነጡ ጨመረ። ይህ መርሐ ግብር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሠርት ዓመታት ሲሠራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን፣ ብዙዎቹን ናቫሆዎች፣ ለትምህርት ዘመኑ ከወላጆቻቸው ወስዶ በሌላ ቤት አኑሯል። ልጆቹ «የሌሂ ዘር ናችሁ»፣ ማለትም መጽሐፉ ከኢየሩሳሌም ወደ አሜሪካ ተሻገረ ከሚለው የላማናውያን አባት የወጣችሁ ናችሁ፣ ተብለዋል፤ ፖሊኔዥያውያንም እንዲሁ።

ዐቃቤ እምነቱ አሁን መጥቶ «የሌሂ ወገን ጥቂት ነበር፤ በዙሪያው በነበረው ብዙ ሕዝብ ውስጥ ስለተዋጠ በዘረ መል አይገኝም» ይላል። በ2014 የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ጽሑፍም ወደዚሁ ያዘነብላል። መጽሐፉ በዚህ ሊድን ይችል ይሆናል። ያቺ የ16 ዓመት ልጅስ? በቆዳዋ ላይ የትንቢት ፍጻሜ ይታያል የተባለላት እርሷ፣ ዛሬ «ምናልባት ከአባቶችሽ አንዱ ሊሆን ይችላል» ስትባል፣ ቀድሞ የተሰበከባት አስተያየት ነበር ወይስ ትምህርት? ጸሐፊው ላማናውያን የሚለውን ስም ከጽሑፋቸው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሡት፤ እርሱንም በካርታው አንቀጽ ውስጥ።

መጽሐፈ አብርሃም ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንድ ሥዕል ይበቃል። ጆሴፍ ስሚዝ በ1835 በኦሃዮ ሳለ ከአንድ ነጋዴ የግብፅ ሬሳዎችና ፓፒረሶች ተገዙ፤ ከእነርሱ ተርጉሜዋለሁ ያለው መጽሐፍ በ1842 ታተመ፣ በ1880 ቅዱስ መጽሐፍ ሆኖ ጸደቀ። በ1871 የቺካጎ እሳት ነድዷል ሲባል የነበረው ፓፒረስ በከፊል በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተገኘና በ1967 ለቤተ ክርስቲያኒቱ ተሰጠ። የተነበበው ሆር ለሚባል ካህን የተዘጋጀ የቀብር ጽሑፍ ነው። አብርሃም እዚያ አለመኖሩን ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2014 ጽፋለች። ሊቃውንቱ ሁለት መልስ ይሰጣሉ፦ ወይ የአብርሃም ጽሑፍ በጠፋው ክፍል ነበር፣ ወይ ፓፒረሱ ለራእይ መቀስቀሻ ሆነ እንጂ አልተተረጎመም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል ነው ነገሩ።

ሥዕሉ ግን ሁለቱንም ባላ ይሰብራል። ከመጽሐፉ ጋር በ1842 የታተመ ሦስተኛ ሥዕል አለ፤ እዚያ ላይ ከዙፋኑ ጀርባ የቆመችውን ምስል ጆሴፍ ስሚዝ «ንጉሥ ፈርዖን፣ ስሙ ከራሱ በላይ ባሉት ፊደላት ተጽፏል» ይላል። የግብፅ ጽሑፍ ሊቃውንት፣ ሞርሞን የሆኑትም ጭምር፣ በዚያ ቦታ የሚያነቡት የአይሲስን ስም ነው፤ የሴት አምላክ ስም። ጽሑፉ አልጠፋም፣ እዚያው ሥዕሉ ላይ አለ። «መቀስቀሻ ነበር» እንዳንል ደግሞ ጆሴፍ ስሚዝ ፊደላቱን እያመለከተ ይህ ተጽፏል ብሏል። ጸሐፊው «ተመልሷል» ያሉት ጥያቄ ይህ ከሆነ መልሱን ቢያሳዩን ኖሮ። በ2013 ኅትመት የመግቢያው ቃል «ከፓፒረስ የተተረጎመ» ከማለት ወደ «በመንፈስ የተተረጎመ የአብርሃም ጽሑፍ» መዞሩንም አልነገሩንም።

መጽሐፈ ሄኖክን ሲያነሡ ልቤ ትንሽ ደስ አለው፤ የእኛው ነውና። ሙሉው ሄኖክ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው፤ ጆሴፍ ስሚዝ ስለ ሄኖክ የጻፈው ክፍል የወጣው በ1830 መጨረሻ ነው። የሎረንስን ትርጉም አይቶት ነበር ወይስ አላየውም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ጸሐፊው «የሰው ልጅ» የሚለው ማዕርግ በሁለቱም መኖሩን ማስታወሳቸው ትክክል ነው። ነገር ግን የሞርሞኖቹ ሊቅ ሂዩ ኒብሊና ተከታዮቹ አብዝተው የሚመኩበት መመሳሰል በሙት ባሕር አጠገብ ከኩምራን በተገኘው የአራማይክ መጽሐፈ ረዐይት (የግዙፋን መጽሐፍ) ውስጥ ያለ ስም ነው፤ ግዕዙ ውስጥ የለም። ስለዚህ «የእኛ ሄኖክ ይመሰክራል» የሚለው የተጋነነ ነው።

ከዚያ የሚብሰው ጸሐፊው ያላነበቡልን ጥቅስ ነው። በጆሴፍ ስሚዝ የሄኖክ ክፍል ውስጥ የቃየን ዘር ጥቁሮች ስለነበሩ በሌሎቹ መካከል ስፍራ አልነበራቸውም ይላል። እገዳውን ሲያጸኑ የኖሩት ሰባኪዎች ይጠቅሱት ከነበረው አንዱ ይህ ነው። የግዕዙ ሄኖክም በምዕራፍ 85 በሕልም ራእዩ ቃየንን በጥቁር ጥጃ፣ አቤልን በቀይ ጥጃ ይመስላቸዋል። በዚያ ሕልም ላይ ተመሥርቶ ጥቁር ሰው ከክህነት ይከልከል ያለ ሊቅ በእኛ አገር አላውቅም፤ ባይሆን የሚከለክለውም የሚከለከለውም አንድ ሰው በሆነ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ፣ «ግራ የገባው ሊቃውንቱን ይጠይቅ» የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። ሐዋርያው ራስል ባላርድ በ2016 ለሃይማኖት መምህራን፣ ተማሪ ሲጠይቅ «አትጨነቅበት» ብሎ መሸኘት ያበቃበት ዘመን ነው ማለታቸውና ወደ ሊቃውንት መምራታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ እራሳቸው በምን ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚመልሱ ጸሐፊው አይነግሩንም። በ1981 ማኮንኪ ለብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲው መምህር ለዩጂን ኢንግላንድ በጻፈው ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርት ማስተማር የእኔ ድርሻ ነው፤ የአንተ ድርሻ እኔ ያልኩትን ማስተጋባት ወይም ዝም ማለት ነው ብሎታል። በዚያው ዓመት ሐዋርያው ቦይድ ፓከር ለመምህራን፣ እውነት ሆነው እምብዛም የማይጠቅሙ ነገሮች አሉ ሲል አስተማረ። በሴፕቴምበር 1993 ስድስት ጸሐፍትና ምሁራን ከጽሑፋቸውና ከንግግራቸው የተነሣ ተቀጡ፤ አምስቱ ተወገዙ። ከእነርሱ አንዱ ማይክል ኩዊን የጻፈው ታሪክ ከአንዲት በላይ ሚስት ስለሚያገቡበት ጋብቻና ስለ ሴቶች ክህነት ነበር፤ ስለ ጋብቻው ከጻፈው ዋናው ፍሬ ነገር ዛሬ በቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል።

ዐቃብያኑም ቢሆኑ አላመለጡም። በ1979 በጆን ዌልች የተቋቋመው የጥናት ማኅበር መሪዎቹን ሲከላከል ኖሮ በ1997 በዩኒቨርሲቲው ሥር ገባ፤ በ2012 የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ዳንኤል ፒተርሰን ከቦታው ተነሣ፣ ወጥቶም በዚያው ዓመት የራሱን ተቋም ከባልንጀሮቹ ጋር መሠረተ። ለእምነቱ በመሟገት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው እንኳ መቼ እንደሚፈለግና መቼ እንደማይፈለግ አያውቅም።

እነዚያ ከ2013 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያወጣቻቸው ጽሑፎች ደግሞ የደራሲ ስም የላቸውም። ቀዳሚ አመራርና የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጉባኤ አጽድቀዋቸዋል ይባላል፤ ሆኖም አንዳቸውም በጠቅላላ ጉባኤ መድረክ ላይ ለሕዝቡ አልተነበቡም። በ1949 የወጣው መግለጫ የቀዳሚ አመራር ስም ነበረበት። በ2015 ሃዋይ ውስጥ አንድ የሰንበት ትምህርት መምህር ስለ ዘርና ክህነት የወጣውን ጽሑፍ ለወጣቶቹ በማስተማሩ የተነሣ ከመምህርነቱ ተነሣ። ያስተማረው ከቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ድረ ገጽ ላይ የወሰደውን ነበር።